የሐጂ ፍሪጅና የአባቴ ሆድ

አባቴን የነከሰው የራሳችን ውሻ ነው። አባቴ "ይህ ውሻ ከሰው ይሻላል" እያለ ቅልጥም የሚወረውርለት፣ እኛ ልጆቹ ደግሞ ቅልጥሙን በዓይናችን የምንሸኘው ውሻ ነበር። ዐቢይ ጾም በገባ ሰሞን ጥቂት ቀን ጠፍቶ ሰነበተና ለሃጩን እያዝረበረበ መጣ። መጀመሪያ ደጅ የታሰረውን አህያችንን አፍንጫው ላይ ነከሰው። አባቴ "ርቦት ነው" ብሎ ሊያስረው ሲጠጋ ክንዱን ዘነጠለው። ጎረቤት ተጠራርቶ ውሻውን በዱላ ሲገድለው፣ አባቴ ክንዱን በነጠላ ጫፍ እየጠመጠመ "ርቦት ነው እኮ" ይል ነበር።

እናቴ አባቴን የምትሰድበው አንቱ እያለች ነው። ያን ዕለትም "ውሻው አብዷል፤ እርስዎም ከውሻው አይሻሉም። ነገ አምበር ክሊኒክ ይሄዳሉ" አለችው። እኔንም አብሬው እንድሄድ አዘዘችኝ፤ ክሊኒክ ነበርኩ ብሎ ጠላ ቤት እንዳይውል።

እኔን መምረጧ የሚያስቅ ነው። እኔ የሰው ፊት ማየት አልችልም። ሰው ሲያናግረኝ ዓይኔ መሬት ላይ ይወድቃል፣ ድምፄም አብሮት ይወድቃል። ትምህርቴን ከአራተኛ ክፍል ያቆምኩት መንገዱ ርቆብኝ ነው እላለሁ፤ ነገሩ ግን አስተማሪው "ተነሥተሽ አንብቢ" ሲለኝ ቆሜ ዝም ማለቴ እሱንም እኔንም ስለሰለቸን ነው።

የአምበር ክሊኒክ አንድ ድሬሰር ነበረው። ቁስል የሚያጥብና መርፌ የሚወጋ የደብረ ማርቆስ ልጅ ነው፤ አገሩ ግን ዶክተር ይለዋል፣ እሱም አይቃወምም። የአባቴን ክንድ በሳሙና ልብስ እንደሚያጥብ ሰው ፈተገውና "አባባ፣ መድኃኒቱ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ይጠብቃሉ። ከመጣ በኋላ በየቀኑ ሆድዎ ላይ ይወጋሉ" አለው።

"የተነከስኩት ክንዴን ነው" አለ አባቴ።

"መርፌው ግን ለሆድ ነው።"

"ሆዴ ምን አደረገ?"

መድኃኒቱ ከቀናት በኋላ በደብረ ማርቆስ በኩል፣ በአውቶቡስ፣ በረዶና ሰጋቱራ በተሞላ ሣጥን መጣ። በየብልቃጡ ውስጥ የደፈረሰ ውሃ የመሰለ ነገር አለ። ድሬሰሩ ለሰው ሁሉ እንዲህ እያለ ያስረዳ ነበር፤ "ሙቀት ካገኘው ይሞታል። ከረጋና በረዶ ከሆነም ይሞታል። እንደ ምንጭ ውሃ በርዶ መቆየት አለበት።" ችግሩ የክሊኒኩ ፍሪጅ ከተበላሸ መቆየቱ ነው፤ ድሬሰሩ ሸሚዞቹን ያስቀምጥበታል። በአምበር የሚሠራ ፍሪጅ የነበረው አንድ ሰው ቤት ብቻ ነው፤ ሐጂ ሱቅ።

ሐጂ ለአውቶቡስ ተሳፋሪ ቀዝቃዛ ሎሚናት የሚሸጡ ነጋዴ ናቸው። ከአባቴ ጋር ከወጣትነታቸው ጀምሮ ወዳጆች ናቸው፤ ሲገናኙ መጀመሪያ ይሰዳደባሉ፣ ሰላምታው ከዚያ ይመጣል። ፍሪጃቸው በላምባ ነው የሚሠራው። ከታች፣ ከእግሩ ሥር፣ ትንሽ ሰማያዊ እሳት ይነድዳል፤ ከላይ ደግሞ ሎሚናቱ ይበርዳል። በእሳት እንዴት እንደሚበርድ የሚያውቅ ሰው አምበር ውስጥ አልነበረም። ሐጂም ሲጠየቁ "ዋጋው ውድ ስለሆነ ነው" ነበር የሚሉት።

በየቀኑ ከዚያ ሱቅ አንድ ብልቃጥ ማምጣት የእኔ ሥራ ሆነ። ሱቁ ሁልጊዜ ወንድ ይሞላዋል። እኔ ገብቼ ጥግ ላይ እቆማለሁ፤ ማን እንደነበረ፣ ማን ምን እንደለበሰ አላይም። የማየው ወለሉን ነው፤ ወለሉ ላይ ደግሞ ሌላ የሚታይ ስለሌለ ያቺን ሰማያዊ እሳት አያለሁ። ሌላ ሰው ሱቅ ሄዶ ወሬ ይዞ ሲመለስ፣ እኔ የምመለሰው ስለዚያች እሳት እያሰብኩ ነበር፤ ንፋስ ሲገባ ትንቀጠቀጣለች፣ ላምባ ሲያንስ ቢጫ ትሆናለች።

ሐጂ ብልቃጡን ቀዝቃዛ ውሃ ባለበት የቆርቆሮ ኩባያ ውስጥ አድርገው "ያው የአባትሽ ሎሚናት" እያሉ ይሰጡኛል። መጀመሪያ ቀን ኩባያውን ትቼ ብልቃጡን ደረቴ ውስጥ ሸጉጬ ብሄድ፣ ድሬሰሩ "እንቁላል አይደለም፣ ብታቅፊው አይፈለፈልም" ብሎ አሳቀብኝ። ከዚያ በኋላ ኩባያውን በነጠላዬ ከፀሐይ ጋርጄ፣ ዓይኔን ከውሃው ሳላነሣ መሄድ ለመድኩ።

አባቴ መርፌውን በትዕግሥት ቻለው ለማለት ይከብዳል። ሲወጋ ይሳደባል፣ ሳይወጋም ይሳደባል። ግን ይመጣ ነበር።

እንዲህ እየሆነ ሳለ አንድ ቀን የሰጡኝ ብልቃጥ አንገቱ ላይ የደረቀ ደም ነበረበት። እኔ አይቻለሁ። ሐጂን ለመጠየቅ ግን ሱቁን የሞላው ወንድ ሁሉ ዝም ብሎ እኔን መስማት ሊኖርበት ነው፤ ስለዚህ ድሬሰሩ ራሱ ያያል ብዬ ይዤው ሄድኩ። ቀድሞ ያየው አባቴ ነው። አግዳሚው ላይ ተንጋሎ፣ እጀ ጠባቡን ገልቦ ሳለ ቀና አለ።

"ይህ ደም የማን ነው?"

ድሬሰሩ ብልቃጡን ወደ ብርሃን ያዘና "የሐጂ ጉበት ይሆናል" አለ እንደ ዋዛ።

"ሐጂ ምን ሆነ?"

"የበግ ጉበት ነው አባባ። እንዳይበላሽባቸው ፍሪጁ ውስጥ ያስቀምጣሉ፤ ከላይ ተንጠባጥቦበት ይሆናል።"

አባቴ በሁለት እጁ ሆዱን ሸፈነ። ክርስቲያን የእስላም እርድ፣ እስላምም የክርስቲያን እርድ እንደማይበላ አገር ያውቃል። የሐጂ ጉበት በፋሲካም አይነካም፤ ይህ ደግሞ በጾም ነው።

"ይህን ነው የምትወጋኝ?"

"ብልቃጡ ድፍን ነው እኮ። ደሙ ያለው ከውጭ ነው። እኔ የምፈራው ቆሻሻው በመርፌው እንዳይገባ ነው፤ እሱንም በስፒርት እጠርገዋለሁ።"

"ስፒርት ሃይማኖት ይጠርጋል?"

ድሬሰሩ ክፉ ሰው አልነበረም። የተቆጣን ሰው ማረጋጋት ግን አያውቅበትም። "አባባ፣ ለበግ ጉበት ይህን ያህል መቆጣት የለብዎትም" አለ። "መድኃኒቱም ራሱ እኮ ከበግ ነው። ከበግ አንጎል ነው የሚሠራው።"

እኔ እንኳ ቀና ብዬ የሰው ፊት አየሁ። ድሬሰሩ የተናገረውን መልሶ ለመዋጥ የሚሞክር ይመስል ነበር።

"እስከ ዛሬ ሆዴ ውስጥ ስትጨምር የከረምከው" አለ አባቴ ቀስ ብሎ፣ "የበግ አንጎል ነው?"

"ተፈጭቶ፣ ተጣርቶ..."

"ቆይ። በሙቀት ይሞታል ብለሃል። እንግዲያ ሕያው ነው?"

"ሕያው ማለት እንኳን..."

"ሕያው ከሆነ ክርስቲያን ሕያው አይበላም። ሞቶ ከሆነ ጥንብ ነው። ታርዶ ከሆነ ደግሞ ማን አረደው?"

"አዲስ አበባ ነው የሚሠራው። እኔ ከየት አውቃለሁ?"

"አላወቅህማ" አለና እጀ ጠባቡን አወረደ። ዱላውን አንሥቶ ወጣ። እኔ ቀዝቃዛውን ኩባያ እንደያዝኩ ቀረሁ። ድሬሰሩ እኔን እያየ፣ ለእኔ ሳይሆን ለራሱ፣ "ካቋረጠ ይሞታል" አለ። "ይህ በሽታ አንዴ ከተነሣ መድኃኒት የለውም።"

እቤት ስደርስ ይህን ለእናቴ የነገርኳት እኔ ነኝ። እሷ ጉዳዩን ለመረዳት ጊዜ አልፈጀባትም።

"በውሻ ተነክሰው ከበግ ይጣላሉ?" አለችው።

"በጾም ነው ሴትዮ።"

"አምና ታመው በጾም የዶሮ መረቅ የጠጡት ማን ነበሩ?"

"ያኔ ታምሜ ነዋ።"

"ይሄስ ሰርግ ነው?"

አባቴ ሲረታ ግትርነቱ ይብሳል። በማግስቱ አልሄደም። ከዚያም በኋላ አልሄደም።

ያበደ ውሻ የነከሰው ሰው በሽታው ሲነሣበት ውሃ ይፈራል። እናቴ ይህን ስለምታውቅ፣ ከሰዓት በኋላ ጾሙ ሲፈታ ከምግቡ በፊት ውሃ በጣሳ ትሰጠውና ፊቱ ቆማ ጉሮሮውን ታይ ነበር። እሱም ለምን እንደምታየው ያውቃል። ጣሳውን ጭልጥ አድርጎ ጠጥቶ፣ ገልብጦ፣ አንዲት ጠብታ እንዳልቀረች ያሳያታል። "በቃሽ?" ይላታል። "ለዛሬ" ትለዋለች።

የጎረቤት ሴቶችም ወሬውን ሰምተው ለጉድ ይመጡ ነበር። አንዷ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ "እንደ በግ መጮህ ጀመረ እንዴ?" ብላ ጠየቀችኝ። እኔ መልስ ሳልሰጥ እናቴ ከጓዳ ሆና "አልጀመሩም፤ ከበግስ እንኳ ጠባይ ይማሩ ነበር" አለች።

ነገሩን የለወጠው አህያው ነው። አንድ ጠዋት ገለባውን ትቶ ግድግዳውን በግንባሩ ሲመታ አገኘነው። የራሱን እግር ይነክሳል። ውሃ ብናቀርብለት ገመዱን በጥሶ ሸሸ፣ ተመልሶም እየተንቀጠቀጠ ወደቀ። የሰፈር ወንዶች ገደሉትና ጥልቅ ጉድጓድ ቆፍረው ቀበሩት፤ ጅብ እንዳይበላው፣ ጅብ ደግሞ እንዳያብድ። አባቴ የተነከሰ ክንዱን በሌላው እጁ ይዞ ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆሞ ነበር።

ያን ቀን ጾሙ ሲፈታ እናቴ እንደ ልማዷ ጣሳውን ሰጠችው። ያዘው። አላፈሰሰውም፣ አልጠጣውም፤ ውስጡን ብቻ አየ። እናቴ ቀሚሷን ጨብጣ ቆመች። ከቆይታ በኋላ ጠጣ። ገልብጦ አላሳያትም።

"ነገ የንስሐ አባታችንን ጥሪልኝ" አለኝ።

ወደ መርፌው መመለስ እንደፈለገ ሁላችንም ገብቶናል። ተመለሰ መባል ግን አልፈለገም።

የንስሐ አባታችን ጾም ሲገባ ከምእመኑ ሁሉ በላይ የሚያዝኑ፣ ሥጋ የሚወዱ ቄስ ናቸው። ስለዚህ የሥጋን ነገር ከእሳቸው በላይ አስቦበት የሚያውቅ የለም። አባቴ ከአንጎሉ ጀምሮ እስከ ጉበቱ ሲነግራቸው፣ በማዘን ሳይሆን በመጎምጀት የሚሰሙ ይመስሉ ነበር።

"በአፍህ ገባ?" አሉት።

"በሆዴ ነው አባ።"

"ጾም ያለው በአፍ በኩል ነው። ሆድን ከውጭ በኩል ጹም ያለው የለም።"

"ማን እንዳረደውስ?"

"ጫማ ስትገዛ ቆዳው የማን እርድ እንደሆነ ትጠይቃለህ?"

"ጫማ አላደርግም።"

"ብታደርግስ?"

"ባደርግም አልጠይቅም።"

"እንግዲያ ይህንንም አትጠይቅ።" ከዚያ ጺማቸውን አሻሹ። "የፍሪጁ ነገር ግን... ጉበትና መድኃኒት በአንድ ሣጥን፣ እሱ ደስ አይልም። ሐጂን እናነጋግር።"

በማግስቱ አምበር ገበያ ነበር። አባቴ፣ ቄሱና እኔ ሱቁ ስንገባ መቆሚያ አልነበረም። ቄሱ መጥተዋል ሲባል ድሬሰሩም ከክሊኒኩ መጣ። ሐጂ ነገሩን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አስደግመው ሰሙ፤ አንዴ ሰምተውት ሳለ ለሳቁ ሲሉ ነው።

"አንተ ሰውዬ" አሉት አባቴን፣ "የታላቋን ልጅህን ስትድር እኛን እስላሞቹን እንዴት ነበር ያስተናገድከን?"

"በግ ሰጠሁህ።"

"የታረደ?"

"በሕይወቱ ነዋ። አንተው አረድከው።"

"ድስቱስ?"

"ሥጋ ያልነካው፣ አዲስ ሸክላ። ዳሳችሁም ለብቻ ነበር።"

"እኔስ ልጄን ስድር?"

"ያው፣ አንተም እንደዚያው።"

"ታዲያ የፍሪጅ ነገር ምን ከበደህ? ከላይኛው መደርደሪያ የክርስቲያን ዳስ፣ ከታችኛው የእስላም ዳስ።"

አባቴ አሰበበት። ክብሩን የሚነካ ነገር ሊያገኝበት ፈልጎ አጣ። "አንተ ለምን ከታች ሆንክ?" አለ በመጨረሻ።

"ጉበት ይንጠባጠባል፣ መድኃኒት አይንጠባጠብም።"

ድሬሰሩ ይህን ሲሰማ ብዙ ጊዜ የደከመበትን ነገር ሌላ ሰው የጨረሰለት ያህል ተነፈሰ። ሐጂ ጉበቱን በትሪ አድርገው ወደ ታች አወረዱ፤ ድሬሰሩ ላይኛውን መደርደሪያ በስፒርት ጠረገና ብልቃጦቹን ደረደረ። ሰዉ ሁሉ ሙሽራ እንደሚያይ አንገቱን ያሰግጋል።

"ዳስ ከተጣለማ ይባረክ" አሉ ቄሱ፣ ከካባቸው ሥር የጠበል ጠርሙስ እያወጡ።

"ላይኛውን ብቻ አባ" አሉ ሐጂ። "ታችኛው ባለቤት አለው።"

ቄሱ ላይኛውን ረጩ። በሩን ረጩ። ጎኑን ረጩ። ጠርሙሱ ውስጥ ጥቂት ቀርቶ ስለነበር እሱን ደግሞ ከፍሪጁ ሥር ደፉት። ሐጂ በሩን ዘጉ፤ ለቄሱም አንድ ሎሚናት ሰጧቸው። ቄሱ "ጾሙ ሲፈታ" ብለው ካባቸው ውስጥ ከተቱት። አባቴና ሐጂ ስድባቸውን ካቆሙበት ቀጠሉ። ሁሉም ደስ ብሎት ያወራል።

እኔ እንደ ልማዴ ወለሉን እያየሁ ነበር። ሰማያዊዋ እሳት የለችም።

"እሳቱ ጠፍቷል" አልኩ። ማንም አልሰማኝም፤ እኔም ራሴን አልሰማሁም። ደገምኩት። አጠገቤ የቆመ ሰው ጠጋ አለልኝ፣ መውጣት የፈለግሁ መስሎት። ፍሪጁ ውስጥ ያሉት ብልቃጦች ሲሞቁ ታዩኝ። ሌላ መድኃኒት ከአዲስ አበባ እስኪመጣ አባቴ ውሃውን እያየ ሊቀመጥ ነው።

"እሳቱ ጠፍቷል ነው የምላችሁ!"

ድምፄ ያን ያህል ወፍራም መሆኑን አላውቅም ነበር። አባቴ ዞር ብሎ ማን እንደተናገረ ፈለገ፤ እኔ መሆኔን ሲያይ እንኳ ከኋላዬ ሌላ ሰው ይፈልግ ነበር።

"የቱ እሳት?" አሉ ሐጂ።

"የፍሪጁ። ከታች ያለው።"

ሐጂ ተንበረከኩ። "ጠፍቷል" አሉ። "አባ፣ አጥፍተውታል።"

"እሳት አለው እንዴ?" አሉ ቄሱ።

"በእሳት ነው የሚበርደው።"

ቄሱ ትንሽ አሰቡና "በእሳት የሚበርድ ነገርማ ጠበል ሲነካው ቢጠፋ ምን ይደንቃል" አሉ።

ክሩ ርሶ ኖሮ እሳቱ አልያዝ አለ። አንዱ በሩን ከፍቶ መድኃኒቱ ሞቶ እንደሆነ ሊያይ ሲል ድሬሰሩ "ዝጋው፣ ብርዱ ይወጣል" ብሎ እጁን መታው። ሐጂ ክሩን በጥምጥማቸው ጫፍ አደረቁት፤ አልሆነም። ከሚሸጡት ፋኖስ ላይ አዲስ ክር አወጡና ቆርጠው አስገቡ። ክብሪት በክብሪት ላይ ተጫረ። አባቴ መሬት ላይ ተቀምጦ፣ አንገቱን አጣሞ፣ ከፍሪጁ ሥር ያያል። እሱን ዝም ብሎ ያየሁት የዚያን ዕለትና አህያው ጉድጓድ ላይ ብቻ ነው። በመጨረሻ እሳቷ መጀመሪያ ቢጫ፣ ቀጥላም ሰማያዊ ሆና ቆመች።

ድሬሰሩ በሩን በጠባቡ ከፍቶ እጁን አስገባ። ከላይ ያለው በረዶ ገና እንደ ድንጋይ ነው አለ። "ልጅቷ ባትናገር ግን ነገ የምወጋዎት ትኩስ የጭንቅላት ሾርባ ነበር።"

"በጾም?" አለ አባቴ። ሰዉ ሳቀ፤ እሱም ሳቀ። ከዚያ ማንም ሳይነግረው ዱላውን አንሥቶ ወደ ክሊኒኩ መንገድ ጀመረ። እኔ ኩባያውን ይዤ ተከተልኩት።

አባቴ ያቋረጠውን ለመካስ ብሎ ድሬሰሩ መርፌ ጨመረበት። ሆዱ እንደ ድንች ማሳ ጓጎለ። አባቴ አንድ ቀንም አልቀረም፣ አንድ ቀንም ሳይሳደብ አልተወጋም። ለፋሲካ ለሐጂ አንድ በግ በሕይወቱ ነድቶ ወሰደላቸው። "አንተ እረደው" አለ፤ "ጉበቱን ግን ከታች።"

መርፌው ቢያልቅም ጣሳው አላለቀም። ድሬሰሩ በሽታው ዘግይቶም ሊነሣ ይችላል ብሎ ስለነበር፣ ከፋሲካ በኋላ እናቴ ውሃውን ጠዋት አደረገችው። እሱ ይጠጣል፣ እሷ ጉሮሮውን ታያለች፣ እሱ ገልብጦ ያሳያል። ከሩቅ ለሚያይ ጸሎት የሚያደርሱ ይመስሉ ነበር።

ክረምቱ ከገባ በኋላ አንድ ጠዋት እናቴ ጌሾ እየወቀጠች ነበር። ጣሳውን ሰጠችውና ወደ ሙቀጫዋ ተመለሰች። አባቴ ጠጣ። ጣሳውን ገልብጦ ያዘ። እሷ ጀርባዋን ሰጥታ ትወቅጣለች። ትንሽ ጠበቀ፤ ጉሮሮውን ጠረገ።

"ዛሬ አላየሽኝም" አላት።

ዘነዘናውን አላቆመችም።

"ምን የሚታይ ነገር አለዎት?" አለችው።